መኪናው ሲወጣ ማኮብኮቢያው ምን ይሆናል? ስለ አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ ቡድኖች ለቀረበ ክስ የተሰጠ ምላሽ

የአውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ መከላከያ ቡድኖችን አጥብቆ የሚወቅስ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። የጸሐፊው ክርክር ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ እነዚህ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ የማይመጣ አደጋ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ መኪናዎቻቸው ከከተማው መኪናዎች የገዘፉ፣ የፈጠኑና ብዙ ውሃ የሚይዙ ናቸው፤ የሚረጩት አረፋ የማያጠፋው እሳት የለም፤ ከመኪናዎቹ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይቀራል፤ ስለዚህ በአካባቢው ለሚነሣ ማንኛውም ቃጠሎና የመንገድ አደጋ እንዲደርሱ ሕግ ሊያስገድዳቸው ይገባል። ጸሐፊው በዚህ ሳያበቁ፣ አውሮፕላን ከአጥር ውጭ ሲወድቅ እንኳ ቡድኖቹ «ክልላችን አይደለም» ብለው ቆመው ያያሉ የሚል ከባድ ክስ አክለዋል።

እኔ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት በፈረቃ ሠርቻለሁ። ጽሑፉን ያነበብሁትም በቁጭት ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚያየው ቀይ ወይም ቢጫ መኪና ለምን እንደማይመጣለት የመጠየቅ መብት አለው። የማልስማማው ከመልሱ ጋር ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው መኪናው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ በዝርዝር ሲነግሩን፣ ትቶት የሚሄደውን ማኮብኮቢያ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡትም።

ከሁሉ የከበደውን ክስ ላስቀድም። ቡድኖቹ አጥር ላይ ቆመው ያያሉ የሚለው አባባል ከሥራው መሠረታዊ ሰነድ ጋር ይጋጫል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የምንለው፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች ባወጣው አባሪ 14 ላይ የእነዚህ ቡድኖች ዋና ዓላማ በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወይም በቅርብ አካባቢው በሚደርስ የአውሮፕላን አደጋ የሰው ሕይወት ማትረፍ መሆኑን አስፍሯል። «በቅርብ አካባቢው» የሚለው ቃል እንዲያው የገባ አይደለም። ይኸው ሰነድ የአደጋ ጊዜ መንገዶች ሲሠሩ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ 1000 ሜትር ድረስ ያለው የማረፊያ አቅጣጫ በቀላሉ የሚደረስበት እንዲሆን ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ ይመክራል፤ የድርጅቱ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ መመሪያም በየጣቢያው የሚሰቀለው፣ አካባቢውን በአራት ማዕዘን መስመሮች የሚከፋፍለው ካርታ ከአውሮፕላን ማረፊያው መሐል እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያውን እንዲያሳይ ይመክራል። ወደ ውጭ ለመውጣት ያላሰበ ጣቢያ እንዲህ ያለ ካርታ ግድግዳው ላይ አይሰቅልም። በአጥሩ ላይ ያሉት የአደጋ ጊዜ በሮችም የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ በከባድ መኪና ግፊት ተሰብረው እንዲከፈቱ ሆነው የተበጁ ናቸው።

የሆነው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1989 አንድ ቦይንግ 737-400 አውሮፕላን በእንግሊዝ የኢስት ሚድላንድስ ማኮብኮቢያ ላይ ሊያርፍ ከ1 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲቀረው ኬግዎርዝ በተባለች መንደር አጠገብ ባለው የኤም 1 አውራ ጎዳና ዳርቻ ላይ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ችግር ምክንያት ወደዚያው እየመጣ ስለ ነበር የአውሮፕላን ማረፊያው ቡድን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ አደጋው ከአጥር ውጭ ሲደርስም ወጥቶ ቀድመው ከደረሱት መካከል ሆነ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 2000 ኮንኮርድ በፓሪስ አቅራቢያ ጎኔስ ላይ አንድ ሆቴል መትቶ ሲወድቅ የለ ቡርዤም የሻርል ደጎልም አውሮፕላን ማረፊያዎች ቡድኖች ወደ ስፍራው ሄደዋል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 109 ሰዎች የተረፈ አልነበረም፤ መሬት ላይም 4 ሰዎች ሞተዋል። ይህን የማነሣው ሌላ ነገርም ለማስታወስ ነው፦ አውሮፕላን በከፍተኛ ፍጥነት ከማኮብኮቢያው ርቆ ሲወድቅ የደረሰው ቡድን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሚያጠፋው እሳት እንጂ የሚያወጣው ሰው አይደለም። የእነዚህ መኪናዎች ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ሰዎች በሕይወት ኖረው እሳት ሊደርስባቸው ጥቂት ደቂቃ በቀረበት አደጋ ነው፤ እንዲህ ያለው አደጋ ደግሞ በአብዛኛው የሚደርሰው በማኮብኮቢያው ላይና በአጠገቡ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አደጋው ቅርብ ሆኖም አረፋ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 2009 የቱርክ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 ከአምስተርዳም ስኪፎል ማኮብኮቢያ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው እርሻ ማሳ ላይ ወድቆ ተሰባበረ፤ ከ135ቱ ሰዎች 9ኙ ሞቱ፤ እሳት ግን አልተነሣም። እዚያ የሚፈለገው ብረት ቆራጭ፣ ቃሬዛና ብዙ የሕክምና ባለሙያ ነበር፤ በሺህ ሊትር የሚቆጠር ውሃ የጫነ ከባድ መኪና ደግሞ ለስላሳ ማሳ ላይ ችግር እንጂ መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ውሃ ላይ ሲሆንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1982 በዋሽንግተን ከተማ አንድ አውሮፕላን በድልድይ ላይ ተጋጭቶ በረዶ በያዘው የፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ የተረፉትን 5 ሰዎች ከውሃው ለማውጣት ወሳኙ ሄሊኮፕተር ነበር። ኢካኦ በውሃ ወይም በረግረግ ላይ የሚበርባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ለዚያ የተለየ የነፍስ አድን መሣሪያ እንዲኖራቸው የሚያስገድደው ትልቁ መኪና እዚያ ስለማይደርስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ይወጣሉ ወይስ አይወጡም» ብለው ያቀረቡት ጥያቄ ሲመነዘር፣ ለምን ዓይነት አደጋ፣ በምን መኪና፣ እስከ የት የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይሆናል።

«የማይመጣ አደጋ ይጠብቃሉ» ወደሚለው ልለፍ። ይህ አነጋገር ሥራውን የሚለካው በተጠፋ እሳት ቁጥር ነው። መለኪያው ግን ጊዜ ነው። በኢካኦ ደንብ መሠረት ቡድኑ በጥሩ የአየር ሁኔታና በደረቅ መሬት ሥራ ላይ ወዳለ ማንኛውም የማኮብኮቢያ ነጥብ በ3 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት፤ የሚመከረው ደግሞ 2 ደቂቃ ነው። «መድረስ» ማለትም መንገድ መጀመር አይደለም፤ ጥሪው ከመጣበት ሰከንድ አንሥቶ የመጀመሪያው መኪና ቦታውን ይዞ ከሚፈለገው የአረፋ መጠን ቢያንስ ግማሹን መርጨት እስኪችል ድረስ ያለው ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ለምን እንዲህ እንደ ጠበበ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አውሮፕላን በምን እንደሚሠራ ያስብ። ከሥሩ የፈሰሰ ነዳጅ ሲቀጣጠል የአልሙኒየሙ ቆዳ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ሊቀልጥ ይችላል። አውሮፕላኖች ፈቃድ ሲያገኙ ተሳፋሪው ሁሉ ከበሮቹ በግማሾቹ ብቻ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ይፈተናሉ፤ ያ ፈተና ግን የሚደረገው ማንም ባልተጎዳበት፣ ጭስም በሌለበት ነው። በእውነተኛው አደጋ እግሩ የተሰበረ፣ ወንበሩ የተቆለፈበት፣ ልጁን የሚፈልግ ሰው አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚቀራቸው ደቂቃ የሚገኘው መኪናው ጣቢያው ውስጥ ሞተሩ ተፈትሾ፣ ታንኩ ሞልቶ፣ ሾፌሩ ጫማው አጠገብ ተቀምጦ ከነበረ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሥራ ፈትነት ያሉት ይህንን ነው።

በዚያ ላይ ቡድኖቹ ተቀምጠው አይውሉም። የፈሰሰ ነዳጅ ያጥባሉ፣ ፍሬኑ የጋለ አውሮፕላን አጠገብ ይቆማሉ፣ መንገደኛ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ነዳጅ ሲሞላ ይጠብቃሉ። ይህን ረዘም አድርጌ ልሄድበት አልፈልግም፤ ክርክሩ የሚወሰነው በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ነው።

ጸሐፊው «አንዱ መኪና ቢወጣ ሌላው ይቀራል» ይላሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የጽሑፋቸው ምሰሶ ናት፤ የተሳሳተችውም እሷ ናት። አውሮፕላን ማረፊያዎች በእሳት መከላከል አቅማቸው ከ1 እስከ 10 በምድብ ይከፈላሉ። ምድቡ የሚወሰነው በሚያርፉት አውሮፕላኖች ርዝመትና የአካል ስፋት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ምድብ ዝቅተኛው የውሃ መጠን፣ በደቂቃ የሚረጨው መጠንና የመኪናዎቹ ቁጥር ተደንግጓል። ለምሳሌ 39.5 ሜትር የሚረዝመው ቦይንግ 737-800 በምድብ 7 ውስጥ ይገባል። ምድብ 7 በተለምዶ በሚሠራበት የአረፋ ደረጃ፣ «ደረጃ ቢ» በሚባለው፣ 12,100 ሊትር ውሃ፣ በደቂቃ 5,300 ሊትር የመርጨት አቅምና ቢያንስ 2 መኪናዎች ይጠይቃል። እንግዲህ ሁለት መኪና ብቻ ካለው ምድብ 7 አውሮፕላን ማረፊያ አንዱ ወጣ እንበል። አንድ መኪና የሚፈቀደው እስከ ምድብ 5 ድረስ ነው፤ ምድብ 6 ራሱ ሁለት መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ ያ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ጊዜ ከምድብ 7 ወደ ምድብ 5 ወረደ። ምድብ 5 ርዝመታቸው ከ28 ሜትር በታች ለሆኑ አውሮፕላኖች የተሰላ ነው። ሊያርፍ እየመጣ ያለው 737-800 አሁን የሚመጣው ለእርሱ ወደማይበቃ ማኮብኮቢያ ነው። ደንቡ በበረራ ብዛት አነስተኛ ለሆኑ ስፍራዎች በአንድ ምድብ ዝቅ ብሎ መሥራትን ይፈቅዳል፤ ሁለት ምድብ ዝቅታ ግን ከዚያም በታች ነው።

በትልልቆቹ ላይ ነገሩ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ እነዚያም ያላቸው በስሌት የተመጠነ ነው። ምድብ 9 በደረጃ ቢ 24,300 ሊትር ውሃና 3 መኪናዎች ይጠይቃል፤ ምድብ 10 ደግሞ 32,300 ሊትር። ሦስተኛው መኪና «ትርፍ» አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። በእርግጥ ከሚጠየቀው በላይ መኪና ያላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ እነዚያ ትርፋቸውን ቢልኩ ምድባቸው አይነካም፤ ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን መኪናው ትርፍ ቢሆን እንኳ የሚነዱት ሰዎች ትርፍ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መኪና ያለ ሠራተኛ ምድብ አይሞላም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚጠቅም አንድ እውነት አልደብቅም። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ ክፍል 139 መሠረት የሚያስፈልግ መኪና ሲበላሽ አውሮፕላን ማረፊያው ይህንኑ አሳውቆ እስከ 48 ሰዓት ድረስ አቅሙን የማስመለስ ጊዜ ይኖረዋል፤ ካልመለሰ ግን የአየር መንገዶችን በረራ ከቀረው አቅም ጋር እንዲመጣጠን መገደብ አለበት። አንድ ሰው «ለብልሽት 48 ሰዓት ከተፈቀደ ለአንድ ሰዓት የሰው ቤት እሳት ማጥፋት ለምን ይከለከላል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ያ ድንጋጌ የተሠራው ሳይታሰብ ለሚደርስ ብልሽት ነው፤ እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው ግዴታ ማሳወቅ ነው። የአቅም መቀነስ ኖታም በሚባለው የበረራ ማስታወቂያ ይነገራል፤ በአየር ላይ ያለው ካፒቴን ወደ ምን ዓይነት አውሮፕላን ማረፊያ እየመጣ እንደ ሆነ አውቆ ይወስናል። ጸሐፊው ያቀረቡት ሕግ መኪናው ወዲያውኑ እንዲወጣ ያዝዛል፤ የማሳወቅ ግዴታ ግን በአንድም መስመር አላነሡም።

የማስታውሰውን አንድ ምሽት እዚህ ላይ ልናገር። ከአጥራችን ባሻገር የአንድ መጋዘን ጭስ ወደ ሰማይ ሲወጣ ከጣቢያው በር ላይ ቆመን እናይ ነበር። የከተማው ቡድን እርዳታ ጠየቀን። የፈረቃ ኃላፊያችን ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ስልኩን ዘግተው መጀመሪያ የደወሉት ወደ መቆጣጠሪያ ማማው ነበር። ሁለት አውሮፕላን እየመጣ ነበር፤ የመጀመሪያው ለማረፍ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ስድስቱን ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። በዚያ ሰዓት የሚያየን ሰው ቢኖር ጸሐፊው የጻፉትን ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። አውሮፕላኑ አርፎ ከማኮብኮቢያው እንደ ወጣ ማማው ለሁለተኛው ካፒቴን አቅማችን ሊቀንስ መሆኑን ነገረው፤ እርሱም ነዳጅ ስለ ነበረው በአየር ላይ መቆየትን መረጠ። ከዚያ በኋላ አንድ መኪና ወጣ። እኔም በእርሱ ላይ ነበርሁ።

ከደረስን በኋላ የሆነው ደግሞ የሚቀጥለውን የጸሐፊውን ነጥብ ይመለከታል። ታንካችንን በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጨረስን። ውሃ ለመሙላት ወደ ሃይድራንቱ፣ ማለትም ወደ መንገድ ዳሩ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ስንጠጋ የእኛ ማገናኛና የከተማው ማገናኛ አልገጠሙም። አዳፕተር የሚሉት መገጣጠሚያ በመኪናችን ላይ አልነበረም፤ ሁለቱ ቡድኖች ለዓመታት ጎረቤት ሆነው ማንም ይህን ልብ አላለም ነበር። የከተማው መኪና ከራሱ ፓምፕ ውሃ እስኪሰጠን ድረስ ያ ግዙፍ መኪናችን መንገድ የዘጋ ብረት ሆኖ ቆመ። ከዚያ ሳምንት በኋላ አዳፕተሩ ተገዛ። ያ ምሽት እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ በስድስቱ ደቂቃ ምክንያት አይደለም፤ በዚህች ትንሽ ብረት ምክንያት ነው።

ጸሐፊው መኪናዎቹ ይበልጥ ትልቅና ፈጣን ስለ ሆኑ ለማንኛውም እሳት ይበልጣሉ ማለታቸው የማሽኑን ዓላማ ካለማወቅ የመጣ ነው። ይህ መኪና የተሠራው በአጭር ጊዜ ብዙ ለመርጨትና እየሄደ እንኳ ለመርጨት ነው፤ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ በጣሪያው ላይ ያለውን የውሃና የአረፋ መርጫ ያዛል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች የሚያካፍል ሰው የምድብ 9 ውሃ ሁሉ በደቂቃ 9,000 ሊትር ሲረጭ ከሦስት ደቂቃ በፊት እንደሚያልቅ ያያል። ለአውሮፕላን ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ዓላማው እሳቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተቆጣጥሮ ለሰዎቹ መውጫ መክፈት ነው። ለሕንፃ ግን ውሃ ለሰዓታት ያስፈልጋል፤ በቱቦ ወደ ውስጥ ገብቶ ክፍል በክፍል መሥራት፣ ረጅም መሰላል፣ ጣሪያ መቅደድ፣ ጭስ ማስወጣት ያስፈልጋል። የአውሮፕላን ማረፊያ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ሁለት ሰው ወደሚቃጠል ሕንፃ ሲገባ ሌሎች ሁለት ለመታደግ ተዘጋጅተው ውጭ መቆም አለባቸው፤ በሦስት ሰው ይህ አይሞላም። ፍጥነቱንም በተመለከተ፣ ኢካኦ ከ4,500 ሊትር በላይ የሚይዙ መኪናዎች በ40 ሰከንድ ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲደርሱና ቢያንስ 100 እንዲሄዱ ይመክራል፤ ይህ ግን በሰፊ፣ ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ አስፋልት ላይ ነው። ትልልቆቹ ሲሞሉ ከ30 ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ ወርዳቸው 3 ሜትር ይጠጋል፤ ውሃው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋ አላቸው። ለጠባብ መንገድና ክብደት ለማይችል ድልድይ ይህ መኪና ራሱ ሌላ አደጋ ነው።

አረፋው «ማንኛውንም እሳት ያጠፋል» የሚለው ደግሞ ሁለት ስሕተት በአንድ ላይ ይዟል። አረፋው የተሠራው ለፈሳሽ ነዳጅ ነው፤ በነዳጁ ላይ ተዘርግቶ አየር ከልክሎ ትነቱን ያፍናል። እንጨት፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚነድበት እሳት ከሥሩ ማቀዝቀዝን ይፈልጋል፤ ለዚያ ውሃ ይሻላል። ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ያሳስበኛል። ለአሥርተ ዓመታት ያገለገሉት አረፋዎች ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ነበሩባቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፒፎስ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አጠቃቀሙ ተገድቧል፤ ሌሎቹም በ2019ና በ2022 ተከትለዋል። እነዚህ ኬሚካሎች በቀላሉ አይበሰብሱም፤ አፈር ውስጥ ሰርገው የጉድጓድ ውሃ ይደርሳሉ። ፍሎሪን የሌላቸው አዳዲስ አረፋዎች እየተተኩ ነው፤ ሁሉም ታንክ ግን አልጸዳም። በየመንደሩ ቃጠሎ ላይ አረፋ ይረጭ ማለት ከእሳቱ በኋላ የሚጠጣውን ውሃ አለማሰብ ነው።

እስካሁን ያልሁት «በሩ ይዘጋ» የሚል ከመሰለ ተሳስቼ ጽፌያለሁ ማለት ነው። የጸሐፊው ጽሑፍ እውነት የያዘበት ቦታ አለ፤ እንዲያውም እርሳቸው ካሉት በላይ አጥብቄ የምይዘው ነው። ነዳጅ የጫነ ቦቴ በአውራ ጎዳና ላይ ተገልብጦ ሲነድ፣ ወይም ከአጥሩ ጎን ያለ የነዳጅ ማከማቻ ሲቃጠል፣ በአካባቢው ያለው ትክክለኛ መሣሪያ የአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ነው። ይህ እሳት የእርሱ እሳት ነው። የከተማው መኪና የሚነድን ነዳጅ በውሃ ብቻ ሲያባርር ከማየት በላይ የሚያበሳጭ ነገር አላውቅም። እንዲህ ላለው ጥሪ በረራን ለአጭር ጊዜ ማዘግየት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የሚሸሽ ኃላፊ ካለም የጸሐፊው ወቀሳ ይድረሰው። በረራ በሌለባቸው ሰዓታት ደግሞ ክርክሩ በጣም ይቀልላል፤ የመጨረሻው አውሮፕላን ከሄደ በኋላ እስከ ንጋት የሚጠብቅ ማኮብኮቢያ ምድብ የሚጠይቀው የለም። ከሚፈለገው በላይ መኪናና ሰው ያላቸው ጣቢያዎችም የሚያቅማሙበት ምክንያት አይታየኝም።

ጸሐፊው የዘነጉት ሌላው ነገር እርዳታው ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ቡድን ብቻውን ትልቅ አደጋ አይወጣውም፤ ስሌቱ ራሱ የተሠራው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ የከተማው ቡድኖች እንደሚደርሱለት ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 መሪው ተበላሽቶ በአሜሪካ በሱ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲከሰከስ፣ ከ296ቱ ሰዎች 184ቱ ተረፉ። በአካባቢው ያሉ ቡድኖችና ሆስፒታሎች ቀድመው በጋራ ልምምድ አድርገው ስለ ነበር አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ተሰልፈው ጠበቁት። እዚያው ላይ ግን አንድ መራራ ነገር ሆነ፤ ለሌሎቹ መኪናዎች ውሃ ያቀርብ የነበረው መኪና በሥራ መካከል ስለ ተበላሸ የውሃው አቅርቦት ተቋረጠ፣ እሳቱም ወደ አውሮፕላኑ አካል ገባ። «አንዱ ቢጎድል ሌላው አለ» ለሚል ሰው ያ ምሳሌ ይበቃዋል።

የአባሪ 14 ደንብ ሙሉ የአደጋ ልምምድ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ፣ በመካከሉም ከፊል ልምምድ እንዲደረግ ያዝዛል፤ አሜሪካ በየሦስት ዓመቱ ትጠይቃለች። ብዙዎቹ ልምምዶች የሚደረጉት በአጥሩ ውስጥ ነው። እኔ የምመኘው ከልምምዶቹ አንዱ ሁልጊዜ ከአጥር ውጭ እንዲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የማይገጥም ማገናኛ፣ የማይሰማ የሬዲዮ ቻናል፣ የማያሳልፍ ድልድይ፣ ቁልፉ የጠፋ በር ሁሉ ማንም ሳይሞት ይታወቃል።

ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሔ በዙሪያው ላለ ማንኛውም ጥሪ የሚያስገድድ አንድ ወጥ ሕግ ነው። እኔ በዚህ ፈንታ የምለው በየስፍራው በአውሮፕላን ማረፊያውና በከተማው ቡድን መካከል በጽሑፍ የሚደረግ የመረዳዳት ስምምነት ነው። ለምን ዓይነት እሳት እንደሚወጣ፣ እስከ ስንት ኪሎ ሜትርና በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ስንት ሰው በጣቢያው እንደሚቀር፣ ቦታው ላይ ማን እንደሚያዝዝ፣ አውሮፕላን በችግር ላይ ነው የሚል ጥሪ ቢመጣ መኪናው ቱቦውን ጥሎ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍበት። ይህ የመጨረሻው ለመስማት ከባድ ነው፤ የሚነድ ቤት ፊት ቆሞ «እንሄዳለን» ማለት ነው። በእርጋታ ጊዜ ካልተስማሙበት ግን በአደጋው ሰዓት የፈረቃ ኃላፊው ብቻውን ይሸከመዋል፤ ምንም ቢወስን የሚከሰስ ይሆናል።

ጸሐፊው ለሕግ ያቀረቡት ረቂቅ ሐሳብ መኪናው ከጣቢያው እስኪወጣ ያለውን ሰከንድ ሳይቀር ቆጥሮ ይደነግጋል። ከዚያ በፊት የሚገባ አንድ አንቀጽ ጎድሎታል፦ ተረኛው ኃላፊ ለመቆጣጠሪያ ማማው ሳያሳውቅና በአየር ላይ ያሉት ካፒቴኖች የአቅሙን መቀነስ ሳይሰሙ መኪናው ከበሩ አይውጣ። ይህ አንቀጽ ከተጨመረ፣ ስለ ቦቴውም ሆነ ስለ ነዳጅ ማከማቻው ከጸሐፊው ጋር አብሬ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።